የማይንገጫገጭ ምስል፦ የመኪና እሽቅድምድም ሲሙሌተርን ግራፊክስ በሚሊ ሰከንድ መመዘን

የመኪና እሽቅድምድም ሲሙሌተር ከተራ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚለየው የመኪናውን እንቅስቃሴ በኒውተን ሕጎች ላይ ተመሥርቶ ለማስላት በመጣሩ ነው። በጎማና በአስፋልት መካከል ያለው ሰበቃ፣ የስፕሪንጎቹ መለጠጥና መጨመቅ፣ አየር በመኪናው አካል ላይ የሚያሳርፈው ኃይል፣ ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች መሸጋገሩ፣ ይህ ሁሉ በስሌቱ ውስጥ ይገባል። ይሁን እንጂ የስሌቱ ውጤት ለነጂው የሚደርሰው በዋነኛነት በስክሪን ላይ በሚታየው ምስል አማካይነት ነው። ምስሉ ከተንገጫገጨ የፊዚክሱ ትክክለኛነት ብቻውን ብዙም አይፈይድም። ነጂው ፍሬን መያዝ የሚገባውን ቦታ ይስታል፤ የኋላ ጎማዎቹ መንሸራተት መጀመራቸውንም የሚያውቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ይሆናል።

ይህ ችግር የገጠማቸው ብዙ ተማሪዎች በመጀመሪያ የሚያነሡት ጥያቄ «የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» የሚል ነው። መልሱ ገንዘብ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ገንዘቡ ከወጣ በኋላም መንገጫገጩ ሳይወገድ የሚቀርበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም «አንዱን ምስል ለማዘጋጀት የሚወጣው ጊዜ የሚባክነው የት ነው?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በመለካት ሊመለስ የሚችል በመሆኑ የፊዚክስ ተማሪ ሊሸሸው አይገባም። በዚህ ጽሑፍ የምስልን ቅልጥፍና ከብዛት ይልቅ በጊዜ መመዘን ለምን እንደሚሻል፣ እንዲሁም የግራፊክስ ማስተካከያዎች በዚህ ሚዛን ላይ ምን ያህል እንደሚከብዱ እንመለከታለን።

አማካዩ የሚሰውረው

በስክሪን ላይ የምናየው እንቅስቃሴ፣ እንደ ሲኒማ ሁሉ፣ በፍጥነት የሚፈራረቁ ቋሚ ምስሎች ውጤት ነው። እያንዳንዱ ቋሚ ምስል ፍሬም ይባላል። የተለመደው መለኪያ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የቀረቡትን ፍሬሞች መቁጠር ነው። ይህ ቁጥር ግን አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ ልዩነትን ይሰውራል።

ሁለት ኮምፒውተሮችን እናስብ። ሁለቱም በአንድ ሰከንድ 60 ፍሬም ያቀርባሉ። የመጀመሪያው እያንዳንዱን ፍሬም በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ያዘጋጃል። ሁለተኛው ግን 58ቱን ፍሬሞች እያንዳንዳቸውን በ14 ሚሊ ሰከንድ፣ የቀሩትን 2 ፍሬሞች ደግሞ እያንዳንዳቸውን በ94 ሚሊ ሰከንድ ያዘጋጃል። 58 በ14 ሲባዛ 812፣ 2 በ94 ሲባዛ 188 ይሆናል፤ ድምሩ 1000 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰከንድ ነው። ስለዚህ በቆጣሪው ላይ የሁለቱም ኮምፒውተሮች ውጤት አንድ ነው። በዓይን ሲታዩ ግን የመጀመሪያው ይፈስሳል፤ ሁለተኛው በየሰከንዱ ሁለት ጊዜ ይደናቀፋል።

ይህ መደናቀፍ ለነጂው ምን ማለት እንደሆነ በርቀት እንግለጸው። በጣሊያን የሚገኘው የ5.793 ኪሎ ሜትሩ የሞንዛ መወዳደሪያ ረጅሙ ቀጥተኛ መንገድ የሚያበቃው ወደ ቀኝና ወደ ግራ በሚታጠፍ ጠባብ ኩርባ ላይ ነው። አንድ መኪና ወደዚህ ኩርባ በሰዓት 252 ኪሎ ሜትር ቢቃረብ በሰከንድ 70 ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የሚሄደው 1.17 ሜትር ያህል ነው። በ94 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ግን 6.6 ሜትር ያህል ይሄዳል። ነጂው ፍሬን ለመያዝ ምልክት አድርጎ የያዘው ሰሌዳ በዚያች ቅጽበት ካለፈ፣ ከመኪና ርዝመት የሚበልጥ ርቀት ሳያየው አለፈው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው፦ ልንቆጣጠረው የሚገባን መጠን የእያንዳንዱ ፍሬም የዝግጅት ጊዜ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ በተለይ እጅግ የዘገዩት።

በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዓቶች

«የግራፊክሱን ጥራት ብቀንስ የመኪናው ጠባይ ይለወጣል ወይ?» የሚል ስጋት የሚያድርባቸው አሉ። መልሱን ለማግኘት ሲሙሌተሩ በሁለት የተለያዩ ሰዓቶች እንደሚመራ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው የፊዚክሱ ሰዓት፣ ሁለተኛው የምስሉ ሰዓት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስ ምስሉ በሰከንድ ከ36 ፍሬም እንዳይበልጥ የተገደበ ሲሆን፣ ፊዚክሱ ግን በሰከንድ 288 ጊዜ ይሰላ ነበር። ይህም ለእያንዳንዱ ፍሬም 8 የፊዚክስ እርምጃዎች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከመጡት መካከል አይሬሲንግ በሰከንድ 360 ጊዜ፣ አሴቶ ኮርሳ ደግሞ 333 ጊዜ ያሰላሉ።

ይህን ያህል መቻኮል ለምን አስፈለገ? ለምሳሌ ያህል የአንድ ጎማና የተሸከመው የብረት ክፍል ክብደት 25 ኪሎ ግራም፣ የጎማው የስፕሪንግ ቋሚ ቁጥር ደግሞ 200,000 ኒውተን በሜትር ነው እንበል። 200,000ን ለ25 አካፍለን ስኩዌር ሩቱን ስንወስድ 89.4 ራዲያን በሰከንድ እናገኛለን። ይህም ጎማው በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይነዝራል፣ አንዱን ንዝረት ለመጨረስም 70 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ በተለመደው ቀላል የስሌት ዘዴ፣ የጊዜው እርምጃ 2 ለ89.4 ተካፍሎ ከሚገኘው፣ ማለትም ከ22 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ከበለጠ ስሌቱ ይናጋል፤ ጎማው በእያንዳንዱ እርምጃ የባሰ እየዘለለ ወደ ሰማይ ይወረወራል። በሰከንድ 30 ፍሬም የሚያሳይ ኮምፒውተር አንዱን ፍሬም የሚያወጣው በ33 ሚሊ ሰከንድ በመሆኑ፣ ፊዚክሱ ከምስሉ ጋር ታስሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ውድቀት በደረሰ ነበር። በሰከንድ 360 ጊዜ ሲሰላ ግን ለአንዱ ንዝረት 25 ያህል እርምጃዎች ይደርሱታል፤ ይህም ስሌቱ ከመናጋት ርቆ የንዝረቱን ቅርጽ በጥሩ ሁኔታ እንዲከተል ያስችለዋል።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። በመጀመሪያ፣ የጥላን ወይም የነጸብራቅን ጥራት መቀነስ የመኪናውን ጠባይ አይለውጥም፤ ስለዚህ ያለ ሥጋት ሊቀነስ ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ፊዚክሱን የሚያሰላው ዋናው ፕሮሰሰር በመሆኑ፣ ፕሮሰሰሩ በሌላ ሥራ ተጨናንቆ ለፊዚክሱ ጊዜ ካጣ የሚበላሸው ከምስሉ አልፎ ውድድሩ ራሱ ነው። ከግራፊክስ ማስተካከያዎች መካከል በፕሮሰሰሩ ላይ የሚከብዱትን ለይተን ማወቅ ያለብንም ለዚህ ነው።

የስክሪኑ ትርታ

ስክሪኑም የራሱ ትርታ አለው። የ60 ሄርዝ ስክሪን በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ፣ የ144 ሄርዝ ስክሪን በየ6.9 ሚሊ ሰከንዱ ምስሉን ከላይ እስከ ታች ያድሳል። ስክሪኑ በማደስ ላይ ሳለ አዲስ ፍሬም ከደረሰ የላይኛው ክፍል የቀድሞውን፣ የታችኛው ክፍል አዲሱን ምስል ያሳያል። ይህ የምስል መሰንጠቅ ሲሆን፣ በመንገድ ዳር የቆሙ ምሰሶዎች መኪናው ሲታጠፍ ተቆርጠው ሲታዩ ይስተዋላል።

ቪ-ሲንክ የተባለው ማስተካከያ አዲሱን ፍሬም እስከ ቀጣዩ የስክሪን ትርታ ድረስ በማቆየት መሰንጠቁን ያስወግዳል። ዋጋው ግን ከባድ ሊሆን ይችላል። ሁለት የምስል ማቆያዎች ብቻ ባሉበት ሁኔታ አንድ ፍሬም 17 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ፣ በ0.3 ሚሊ ሰከንድ ብቻ አውቶቡሱ እንዳመለጠው መንገደኛ ቀጣዩን ትርታ መጠበቅ አለበት። በመሆኑም ፍሬሙ የሚታየው በ33.3 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። በየፍሬሙ እንዲህ ከሆነ በሰከንድ 60 የነበረው ወደ 30 ይወርዳል። ሦስተኛ ማቆያ መጨመር ይህን ያለዝበዋል፤ የበለጠ የሚሻለው ግን ፍሬሞቹ ከ16.7 ሚሊ ሰከንድ በታች እንዲቆዩ ማድረግ ነው።

ሌላው መፍትሔ ስክሪኑ ራሱ የፍሬሙን መድረስ እየጠበቀ እንዲታደስ ማድረግ ነው። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2013 ጂ-ሲንክን አስተዋውቋል፤ በ2014 ደግሞ የስክሪን ደረጃዎችን የሚያወጣው ቬሳ የተባለው ማኅበር አዳፕቲቭ-ሲንክን በደረጃው ውስጥ አካትቷል። በእንዲህ ዓይነት ስክሪን ላይ 17 ሚሊ ሰከንድ የፈጀ ፍሬም በ17 ሚሊ ሰከንድ ይታያል። ሆኖም 94 ሚሊ ሰከንድ የፈጀውን ፍሬም ከመዘግየት የሚያድነው የለም።

የጊዜ በጀት

ግባችን ለ60 ሄርዝ ስክሪን ከሆነ ለእያንዳንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ተመድቦልናል ማለት ነው። ጥላ፣ ነጸብራቅ፣ መስታወት፣ ተመልካች፣ ሁሉም ከዚህ በጀት ይከፈላሉ። በጀቱን በፍሬም ብዛት ማስላት ያሳስታል። ከ30 ወደ 40 ፍሬም ማደግ በየፍሬሙ 8.3 ሚሊ ሰከንድ ማትረፍን ይጠይቃል፤ ከ90 ወደ 100 ማደግ ግን የሚጠይቀው 1.1 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ሁለቱም «የ10 ፍሬም ጭማሪ» ተብለው ቢጠሩም ሥራቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

በጀቱን የሚካፈሉት ሁለት አካላት ናቸው። ዋናው ፕሮሰሰር ምን መሣል እንዳለበት ያዝዛል፤ ግራፊክስ ካርዱ ይሥላል። አንዱ ሊጥ ሲያቀርብ ሌላው እንጀራ እንደሚጋግር ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የዘገየው ነው። የዘገየው ማን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀላል ሙከራ በቂ ነው። የምስሉን መጠን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ያድርጉ። የፒክሰሎቹ ቁጥር ከ2,073,600 ወደ 921,600 ይወርዳል፤ ማለትም የግራፊክስ ካርዱ የፒክሰል ሥራ በ2.25 ይካፈላል። የፍሬም ጊዜው በግልጽ ካጠረ የዘገየው ግራፊክስ ካርዱ ነበር። ምንም ካልተለወጠ ግን የዘገየው ፕሮሰሰሩ ነው፤ በዚህ ጊዜ አዲስ ግራፊክስ ካርድ መግዛት ሊጡ ሳይደርስ ምጣድ እንደመጨመር ይሆናል።

ማስተካከያዎቹ በሚዛን ላይ

የተፎካካሪ መኪኖች ብዛት። እያንዳንዱ ተጨማሪ መኪና በኮምፒውተር የሚነዳ ከሆነ ፊዚክሱም መሰላት ስላለበት ሸክሙ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ሲሙሌተሩ በአንድ ጊዜ የሚታዩትን መኪኖች ቁጥር ለመገደብ የሚፈቅድ ከሆነ ከዚህ መጀመር ይጠቅማል።

የኋላ ማሳያ መስታወት። በተለምዶ ስፖኪዮ የምንለው ይህ መስታወት በሲሙሌተር ውስጥ ነጸብራቅ ሳይሆን ሁለተኛ ካሜራ ነው። ከኋላ ያለው ዓለም እንደገና ይታዘዛል፣ እንደገና ይሣላል። ስለዚህ ሁለቱንም አካላት ይከብዳል። መስታወቱን ማጥፋት ለውድድር ደኅንነት አይመከርም፤ ጥራቱንና የሚያሳየውን ርቀት መቀነስ ግን ከፍተኛ ትርፍ ያስገኛል።

ጥላ። ኮምፒውተሩ ጥላን የሚሠራው ዓለሙን ከፀሐይ አቅጣጫ አንድ ጊዜ በመመልከትና ርቀቱን በካርታ ላይ በመመዝገብ ነው። የካርታው ጎን ከ2048 ወደ 4096 ሲያድግ ነጥቦቹ ከ4,194,304 ወደ 16,777,216፣ ማለትም አራት እጥፍ ይሆናሉ። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ልዩነት የጥላው ጠርዝ ትንሽ መሳል ብቻ ነው። በሰከንድ 70 ሜትር የሚጓዝ ነጂ ይህን አያስተውልም።

የመኪናው አካል ነጸብራቅ። በቀለሙ ላይ የሚታየው አካባቢ የሚዘጋጀው እንደ ኩብ ባሉ ስድስት ገጽታዎች ነው። ስድስቱን በየፍሬሙ ማደስ ዓለሙን ስድስት ጊዜ ተጨማሪ መሣል ነው። በአንጻሩ በየፍሬሙ አንድ ገጽታ ብቻ ቢታደስ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም በሚቀርብበት ጊዜ እያንዳንዱ ገጽታ በየ100 ሚሊ ሰከንዱ ይታደሳል። ከመሪው ኋላ ለተቀመጠ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው።

የጠርዝ ማለስለሻ። አንቲ-አሊያሲንግ የሚባለው ይህ ማስተካከያ በሩቅ ያሉ ነጭ መስመሮችና አጥሮች እንዳይብለጨለጩ ያደርጋል። አራት እጥፍ የሆነው ዓይነቱ በእያንዳንዱ ፒክሰል ላይ 4 ናሙናዎችን ስለሚይዝ ግራፊክስ ካርዱን ይከብደዋል። ነገር ግን በሩቅ ያለውን ኩርባ ለማንበብ ስለሚረዳ በጀቱ እስከፈቀደ ድረስ መያዝ ይገባዋል።

አናይሶትሮፒክ ፊልተሪንግ። ነጂው አስፋልቱን የሚያየው ከላይ ሳይሆን በጣም በተኛ ማዕዘን ነው። ይህ ማስተካከያ በዚህ ማዕዘን የሚታየውን ገጽ ከመደብዘዝ ያድናል። በዘመናዊ ካርዶች ላይ ዋጋው አነስተኛ በመሆኑ እስከ 16 ድረስ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

የቴክስቸር ጥራት። ይህ አታላዩ ማስተካከያ ነው። ቴክስቸሮቹ በግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ ውስጥ እስከበቁ ድረስ የፍሬም ጊዜውን ብዙም አይነኩም። ከሞላ በኋላ ግን ትርፉ ከኮምፒውተሩ ዋና ሜሞሪ መመላለስ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ባለ6 ጊጋ ባይቱ ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1060 ከራሱ ሜሞሪ በሰከንድ 192 ጊጋ ባይት ማንበብ ሲችል፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው መስመር የሚያስተላልፈው 16 ጊጋ ባይት ያህል ነው፤ ይህም አሥራ ሁለተኛው እጅ ነው። ውጤቱ አማካዩን እምብዛም ሳይነካ አልፎ አልፎ የሚከሰት ድንገተኛ መደናቀፍ ነው። ከላይ ያየናቸው የ94 ሚሊ ሰከንድ ፍሬሞች ከሚመጡባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ለጌጥ የሚጨመሩ ውጤቶች። የእንቅስቃሴ ብዥታ፣ የሌንስ ብልጭታና የርቀት ብዥታ የቴሌቪዥን ሥርጭትን ይመስላሉ እንጂ ለነጂው መረጃ አይሰጡም። ያለ ጸጸት ሊጠፉ ይችላሉ።

በመሪውና በምስሉ መካከል

ቅልጥፍና በዓይን ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ካርዱ ሥራ እንዳይፈታ ትእዛዞችን አስቀድሞ በወረፋ ሊያሰልፍ ይችላል። በዊንዶውስ ዳይሬክት-ኤክስ ይህ ወረፋ፣ ፕሮግራሙ ካልለወጠው በቀር፣ እስከ 3 ፍሬም ሊደርስ ይችላል። በሰከንድ 60 ፍሬም ሲቀርብ 3 ፍሬሞች 50 ሚሊ ሰከንድ ናቸው፤ በሞንዛው ቀጥተኛ መንገድ ላይ 3.5 ሜትር ማለት ነው። ነጂው መሪውን ካዞረ በኋላ ምላሹን የሚያየው ይህን ያህል ዘግይቶ ከሆነ ለሚያዳልጥ መኪና የሚሰጠው እርማት ዘወትር ያለፈውን ስሕተት የሚያርም ይሆናል። በቁጥጥር ሥርዓት ትምህርት እንደምናውቀው መዘግየት ያለበት ግብረ መልስ መወዛወዝን ይወልዳል። ወረፋውን ወደ 1 መቀነስ፣ እንዲሁም የፍሬሙን ብዛት ግራፊክስ ካርዱ በቀላሉ ሊሸከመው በሚችለው ልክ መገደብ ይህን መዘግየት ያሳጥራል።

የሙከራው ሥርዓት

ማስተካከያው እንደ ማንኛውም ሙከራ ሥርዓት ይፈልጋል።

1ኛ፦ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሁኔታ ይጠቀሙ። አንድ መወዳደሪያ፣ አንድ መኪና፣ አንድ የአየር ጠባይ፣ አንድ የተፎካካሪ ቁጥር ይምረጡ። የተቀዳ ውድድርን መልሶ ማሳየት ለግራፊክስ ካርዱ መለኪያ ምቹ ነው፤ ነገር ግን ሲቀዳ የተሰላው ፊዚክስ በአብዛኛው ዳግመኛ ስለማይሰላ ፕሮሰሰሩን ለመመዘን እውነተኛ ውድድር ያስፈልጋል።

2ኛ፦ በጣም የከፋውን ሁኔታ ይለኩ። ባዶ ሜዳ ላይ ብቻ መዞር ያታልላል። ከመነሻው ሰልፍ መጨረሻ ላይ ሆነው፣ መኪኖቹ ሁሉ ከፊት ሲታዩ ይጀምሩ። ዝናብ ባለባቸው ሲሙሌተሮች ዝናቡንም ይጨምሩ።

3ኛ፦ እያንዳንዱን ፍሬም ይመዝግቡ። ኢንቴል ያዘጋጀው ፕረዘንትሞን የተባለ ነፃ ሶፍትዌር በዊንዶውስ ላይ የየፍሬሙን ጊዜ በሠንጠረዥ ያስቀምጣል። ከ1000 ፍሬሞች እጅግ የዘገዩትን 10 ይመልከቱ። እነዚህ በበጀቱ ውስጥ ከሆኑ ወይም በጥቂቱ ብቻ ካለፉ ሥራው ተጠናቋል።

4ኛ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ማስተካከያ ብቻ ይለውጡ፤ የተገኘውን ወይም የጠፋውን በሚሊ ሰከንድ ይጻፉ። ሁለት ነገር በአንድ ላይ የለወጠ ሰው ውጤቱ ከየትኛው እንደመጣ ሊናገር አይችልም።

5ኛ፦ ልኬቱን ከ20 ደቂቃ በኋላ ይድገሙት። ግራፊክስ ካርድም ሆነ ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በመጀመሪያው ዙር ጥሩ የነበረ ልኬት በአሥረኛው ዙር ከተበላሸ መፍትሔው በማስተካከያው ገጽ ላይ ሳይሆን በማራገቢያው ላይ በተጠራቀመው አቧራ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘሩት ሁሉ አንድ መርሕ ይወጣል። ለነጂው መረጃ የሚሰጠውን፣ ማለትም የመንገዱን ገጽ፣ የሩቅ መስመሮችን፣ ከኋላ የሚመጣውን ተፎካካሪ እናስቀድማለን፤ ለተመልካች ብቻ የሚያምረውን የመጨረሻ ተራ እንሰጠዋለን። ከዚያም የዘገዩት ፍሬሞች በበጀቱ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ እየለካን እንቀንሳለን።

ይህን ያደረገ ሰው ሠንጠረዡን ሲጨርስ በእጁ ሁለት ነገር ይኖረዋል። አንደኛው አሁን ካለው ኮምፒውተር ሊገኝ የሚችለው የተሻለ ምስል ነው። ሁለተኛው፣ ያም ካልበቃ፣ ገንዘቡን በፕሮሰሰር፣ በግራፊክስ ካርድ፣ በሜሞሪ ወይስ በአንድ የአቧራ ብሩሽ ላይ ማዋል እንዳለበት የሚነግረው ማስረጃ ነው።